ድንጋዩ አገሩ ገባ

በወላጆቼ ቤት ሳሎን ግድግዳ ላይ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ኖሯል። አንድ ቀጭን፣ ጎፈሬውን ያበጠረ ወጣት እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ከአንድ ግዙፍ የድንጋይ ሐውልት ግርጌ ቆሟል። ከወጣቱ፣ ከድንጋዩና ከላይ ከሚታየው ጥቂት ሰማይ በቀር በፎቶው ውስጥ ምንም የለም። ከታች በኩል፣ ልክ ድንጋዩ ያለበት ቦታ ላይ፣ ወረቀቱ ተፋፍቆ ገርጥቷል። ወጣቱ አባቴ ናቸው። ሐውልቱ የአክሱም ሐውልት ነው። ቦታውም አክሱም ነው እየተባለ፣ ወይም ማንም አይደለም ሳይለኝ፣ አደግሁ። አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ፎቶውን ቨርጂኒያ ወደሚገኘው ትምህርት ቤቴ ወስጄ፣ "ይህ የአባቴ አገር ነው" ብዬ ለክፍል ጓደኞቼ አሳይቻለሁ።

የዛሬው ወጌ ስለዚያ ፎቶና ሮም ውስጥ ስላሳለፍናት አንዲት ቀን ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት የፈረንጅ ናቸው፤ ሰዓቱ ግን የእኛው ነው። ሰዓቱን ለምን እንዳልቀየርኩት ወደ ኋላ ይገባችኋል።

አባቴ በ2025 ሰማንያ ዓመት ሞላቸው። እናቴ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበርና፣ ልደታቸውን በዚያ ጭር ባለ ቤት ከሚያከብሩ አንድ ቦታ ይዘናቸው ብንሄድ ይሻላል ብለን ከባለቤቴ ጋር መከርን። ባለቤቴ ከባርሴሎና ተነሥቶ የፈረንሳይንና የጣሊያንን ወደቦች እያዳረሰ በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ሰባት ሌሊት የሚጓዝ የመዝናኛ መርከብ አገኘ። አባቴ መጀመሪያ አልተቀበሉትም። "በዚህ ዕድሜዬ ባሕር ላይ ምን ልሠራ? ሆቴል ካማራችሁ የብስ ላይ ሞልቶ የለም ወይ?" አሉ። ባለቤቴ ተስፋ ሳይቆርጥ መርከቡ የሚቆምባቸውን ወደቦች ያነብላቸው ጀመር። ማርሴይ፣ ጄኖቫ፣ ቺቪታቬኪያ…

"ቆይ እስቲ" አሉ። "ቺቪታቬኪያ የሮም ወደብ አይደለም እንዴ?"

ነው አላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉና መልሰው አደረጉት። "እንግዲህ እናንተ ካላችሁ ይሁን" አሉ። እኔ የልጅ ልጆቻቸው ልመና ያሸነፋቸው መስሎኝ ነበር።

አባቴ ከሮም ጋር ስላላቸው ነገር የማውቀው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ "በጣሊያን አድርጌ ነው የመጣሁት።" በደርግ ዘመን ከአገር የወጡ ሰዎች ልጆች የሆናችሁ ሁሉ እንዲህ ያለውን ዓረፍተ ነገር ታውቁታላችሁ። በሱዳን አድርጌ፣ በጅቡቲ አድርጌ፣ በኬንያ አድርጌ… አንድ ሰው የኖረው ሁለትና ሦስት ዓመት በዚያች "አድርጌ" ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። እኛ አንጠይቅም፤ እነሱም አይነግሩንም። ዝምታውን የመከባበር ምልክት አድርገን እንወስደዋለን።

መርከቡ ቺቪታቬኪያ ሲደርስ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነበር። ከወደቡ ዳር ማይክል አንጄሎ የተባለው ዙሪያው ድፍን የሆነ አሮጌ ምሽግ ቆሟል። በድምፅ ማጉያው ማስጠንቀቂያ ተነገረ፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ መሳፈሪያው ይዘጋል፤ የዘገየውን መርከቡ አይጠብቅም። ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጄ በአፏ ሙሉ ምግብ እየጎረሰች ስለነበር አልሰማችም። "አባባ፣ መቼ ነው የምንመለሰው?" ብላ አያቷን ጠየቀቻቸው። "አሥራ ሁለት ሰዓት" አሏት፤ እሳቸው አሜሪካ አርባ አራት ዓመት ሲኖሩ ሰዓታቸውን በልባቸው ያልቀየሩ ሰው ናቸው። አሥራ ሁለት የሚለውን ቁጥር በጣቶቿ ቆጥራ ካረጋገጠች በኋላ ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

ባለቤቴ የቀኑን መርሐ ግብር በወረቀት ጽፎ ይዟል። 4 ሰዓት ተኩል ኮሎሲየም፤ 7 ሰዓት የትሬቪ ፏፏቴ፤ 8 ሰዓት ፓንቴዎን፤ 9 ሰዓት ተኩል የመመለሻ ባቡር። ከወደቡ እስከ ሮም ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ አንድ ቀን የተባለው ቀን ሲነጠፍ ስድስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። የመርከብ ጎብኚ ዕጣ ይህ ነው። ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ዓመት አለኝ የሚል ከተማ በስድስት ሰዓት አይቶ መመለስ።

ባቡሩ ለጥቂት ጊዜ ባሕሩን ተከትሎ ከሄደ በኋላ ወደ የብስ ገባ። እነዚያ እንደ ጃንጥላ አናታቸው የተዘረጋ የጥድ ዛፎች ብቅ ማለት ሲጀምሩ አባቴ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አስጠጉ። አሥራ አራት ዓመት የሆነው ልጄ ስልኩ ላይ አጎንብሷል። ማንም አልተናገረም።

ቴርሚኒ ጣቢያ ስንደርስ ባለቤቴ ስልኩን አውጥቶ መንገድ መፈለግ ጀመረ። አባቴ ግን ቀድመውን ወጡ። ወዴት እንደሚሄዱ እንደሚያውቅ ሰው፣ ቀና ብለው፣ ወደ ጣቢያው ፊት ለፊት። "ይህ አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል" አሉ ልጆቹን። "እነማን ናቸው አምስት መቶዎቹ በሉኝ።" ልጆቹ ዝም አሉ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አላወቅሁም። በ1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሱት የጣሊያን ጦር ነው። ከጣቢያው ጥቂት ራቅ ብሎ የሚገኘው ከግብፅ የመጣ ሐውልትም ለእነሱ መታሰቢያ እንዲሆን የቆመ ነው። ከ1936ቱ ወረራ በኋላ በአዲስ አበባ የነበረው የይሁዳ አንበሳ ተነቅሎ የቆመው ከዚያ ሐውልት ሥር ነበር። በ1938 ዘርዓይ ድረስ የተባለው ኤርትራዊ ወጣት ከአንበሳው ፊት ተንበርክኮ ጎራዴውን የመዘዘውም እዚያው ነው። ዘርዓይ በግዞት እንዳለ በ1945 ሲሲሊ ውስጥ አረፈ፤ አንበሳው በ1960ዎቹ አገሩ ገብቶ ዛሬ በለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ይገኛል።

"እንሂድ፣ ሰዓት እየሄደ ነው" አለ ባለቤቴ። ሄድን።

ኮሎሲየምን ለመግለጽ አልሞክርም፤ ያላያችሁትም አይታችሁታል። በ80 ዓመተ ምሕረት ተመርቆ፣ ሃምሳ ሺህ ያህል ሰው ይይዝ ነበር ተብሎ የሚገመት፣ በሰውና በአውሬ ደም የተጫወተ ሕንፃ ነው። ዓመቱ የካቶሊኮች ኢዮቤልዩ ስለነበር ከተማይቱ ከወትሮው በላይ በምዕመናንና በጎብኚ ተጨናንቃለች፤ ፀሐዩም ያናድዳል። ስንወጣ ልጆቹ ውኃ ጠማን አሉ። ከመንገዱ ዳር አንዲት አጭር የብረት ቧንቧ ቀኑን ሙሉ ሳትዘጋ ትፈሳለች። ሮም ውስጥ በየመንገዱ የሚገኙ፣ ሮማውያን "ትልቅ አፍንጫ" ብለው የሚጠሯቸው የመጠጥ ውኃ ቧንቧዎች ናቸው። ልጄ እንዴት እንደሚጠጣ ግራ ገብቶት አጎነበሰ። አባቴ ጠጋ ብለው ቧንቧውን ከታች በጣታቸው ደፈኑት፤ ውኃው ከላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ተረጨ።

"ጠጣ" አሉት።

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔ አልሳቅሁም። ይህን ነገር ሰው ከመጽሐፍ አያነበውም። በጋውን በዚያ ከተማ መንገድ ላይ የዋለ፣ ውኃ የሚገዛበት ገንዘብ ያልነበረው ሰው ነው የሚያውቀው።

በዚህ መካከል ትንሿ ልጄ የአባቷን ስልክ አየችና ድንገት እሪ አለች። "አሥራ ሁለት! አሥራ ሁለት ሆነ! መርከቡ ሄደ!" ስልኩ 12:00 ይላል፤ የፈረንጅ ቀትር፣ የእኛ 6 ሰዓት መሆኑ ነው። እንባዋ እየፈሰሰ አያቷን አቀፈቻቸው። "አይዞሽ፣ ይህ የእነሱ አሥራ ሁለት ነው። የእኛ ገና ነው" አሏት አባቴ። ሳቅን። ያችን አባባላቸውን ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አስታውሻታለሁ።

ወደ ትሬቪ ልንሄድ ስንነሣ አባቴ ቆሙ።

"እናንተ ሂዱ። እኔ እዚህ ወረድ ብዬ እቀመጣለሁ። ስትመለሱ ታገኙኛላችሁ።"

"የት ወረድ ብለው?"

"ፖርታ ካፔና። አሥር ደቂቃ መንገድ ነው።"

ስሙን ሳውቀው ተናደድኩ። እንደ ማንኛውም አበሻ የአክሱም ሐውልት ቆሞ የነበረበትን አደባባይ ስም ሰምቻለሁ። "አባባ፣ እዚያ እኮ ምንም የለም! ሐውልቱ ከተመለሰ ሃያ ዓመቱ ነው!"

"አውቃለሁ" አሉ። "የሌለውን ነው የማየው።"

የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ በማያውቁት ከተማ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ብቻቸውን ልንተዋቸው አይቻልም። ከተከተልናቸው ደግሞ ትሬቪ ቀረ። ሳንቲሟን ከቤት ይዛ የመጣችው ልጄ ልትቀየም ነው፤ የባለቤቴ ወረቀት ዋጋ ሊያጣ ነው። ምሬቴን ለመደበቅ አልሞከርኩም። "አንድ ቀን ብቻ ነው ያለን" አልኩ። አባቴ አልመለሱልኝም። ባለቤቴ፣ እግዚአብሔር ይስጠው፣ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና "እንሂዳ፣ አብረን እንያት" አለ።

በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር አልፈን፣ የጥድ ጥላ ባረፈበት ሰፊ መንገድ ቁልቁል ወረድን። ያ ቅስት በ315 የተመረቀ ነው፤ የአክሱምም ሐውልት የዚያው የአራተኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ሁለቱ ድንጋዮች ዕድሜያቸው የተቀራረበ ነው። መንገዱ ሲያልቅ በቀኝ በኩል ቺርኮ ማሲሞ፣ የጥንቱ የሠረገላ እሽቅድድም ሜዳ፣ ሣር ለብሶ ተንጣሏል። ከፊት ለፊት አንድ ግዙፍ ነጭ ሕንፃ አለ። ሲጀመር ለጣሊያን የአፍሪካ ግዛቶች ሚኒስቴር ታስቦ ነበር፤ ከ1951 ወዲህ ግን የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት መቀመጫ ነው። በመካከሉ መኪና ይተራመሳል።

ሐውልቱ የለም።

አለመኖሩን እያወቅሁ እንኳ ዓይኔ ወደ ላይ ፈለገው። ወደ 24 ሜትር የሚረዝም፣ ከ150 ቶን በላይ የሚመዝን ድንጋይ ነበር። አክሱም ውስጥ ወድቆና ተሰባብሮ ከነበረበት በሙሶሊኒ ትእዛዝ በ1937 ተጭኖ መጣ፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ፋሺስቶች ሮምን የያዙበት 15ኛ ዓመት ሲከበር እዚህ ቆመ። ለነገሩ ሮም የሌላውን አገር ሐውልት ማምጣት ልማዷ ነው። ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ የጻፈው ንጉሥ ቆስጠንጢዮስ ዳግማዊ ራሱ፣ በ357 ከግብፅ ትልቁን ሐውልት አስመጥቶ እዚያው ቺርኮ ማሲሞ ውስጥ አቁሞ ነበር። ከግብፅ የመጡት ግን አልተመለሱም። የእኛው ተመለሰ። ጣሊያን በ1947 በፈረመችው የሰላም ውል በ18 ወር ውስጥ ልትመልሰው ቃል ገባች፤ 18 ወሩ 58 ዓመት ሆነ። በ2003 መፍረስ ተጀመረ፤ በ2005 ሚያዝያ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በግዙፍ አንቶኖቭ አውሮፕላን አክሱም ገባ፤ በ2008 በድጋሚ ቆመ።

በአደባባዩ አሁን ያሉት ሁለት ቀጫጭን ጥንታዊ ዓምዶች ናቸው። ባለቤቴ ከስልኩ አነበበልን፤ በ2009 የቆሙ፣ በ2001 መስከረም 11 አሜሪካ ውስጥ ለሞቱት ሰዎች መታሰቢያ ናቸው። ቤታችን ከፔንታጎን ጥቂት ማይል ነው የሚርቀው። የመጣንበት አገር ድንጋይ በሄደበት ሥፍራ የምንኖርበት አገር ሐዘን ቆሞ ጠበቀን። ምን እንደሚባል አላወቅሁም።

አባቴ ጥላ ያለበት ዝቅተኛ ግንብ ፈልገው ተቀመጡ። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አንድ ፖስታ አወጡ። ከፖስታው ውስጥ ያ ፎቶ ወጣ። ከሳሎኑ ግድግዳ አውርደው፣ ከመስተዋቱ አውጥተው፣ ለእኔ ሳይነግሩኝ ባሕር አሻግረውት መጥተዋል።

"እዚህ ነው የተነሣሁት" አሉ።

"ምኑን?"

"ይህንን። አክሱም አይደለም። እዚህ ነው።"

ፎቶውን ተቀበልኳቸው። ድንጋዩ፣ ወጣቱ፣ ጥቂት ሰማይ። አርባ ዓመት ያየሁትን ነገር ያን ቀን እንደ አዲስ አየሁት።

አባቴ በ1967 የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ ለአንድ ዓመት አገልግሎት አክሱም ተመድበው አስተምረዋል። ይህን አውቃለሁ። ተማሪዎቻቸው ሐውልቶቹን እንደ ሰው ይቆጥሯቸው ነበር፤ አንዱ ወድቋል፣ አንዱ ቆሟል፣ አንዱ ሮም ሄዷል። "መምህር፣ መቼ ነው የሚመጣው?" ይሏቸው ነበር፤ "ይመጣል" ይሏቸው ነበር። ከአክሱም የተነሡትን አንድ ፎቶ ደሴ ለነበሩት እናታቸው ልከው፣ አያቴ ከሥዕለ ማርያም አጠገብ ሰቅለውት ኖረዋል። ከዚያ አብዮቱ መጣ፤ ቀይ ሽብር መጣ። አባቴ እናታቸውን ሳይሰናበቱ ወጡ።

"ከ1979 እስከ 1981 እዚህ ነበርኩ" አሉ። "ቴርሚኒ አካባቢ አንድ ምግብ ቤት ሳህን አጥብ ነበር። የእኛ ሴቶች ሰው ቤት ነበር የሚሠሩት፤ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ይለቀቃሉ። ሁሉም ጣቢያው ጋ ይሰበሰባል። እኔ ሰው ሲሰለቸኝ እዚህ እመጣለሁ። ከድንጋዩ ጋር አወራ ነበር ብልሽ ትስቂብኝ ይሆናል። እሱም ሳይወድ የመጣ፣ እኔም ሳልወድ የመጣሁ። 'ማናችን ቀድመን እንገባ ይሆን?' እለዋለሁ። እኔ እንደምቀድመው አልተጠራጠርኩም። የእሱ ውል ከተፈረመ ሠላሳ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር፤ የእኔ ቢበዛ አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት…"

ዝም አሉ። ከዚያ ጣታቸውን በፎቶው ላይ አሳረፉ።

"እናቴ በሕይወት መኖሬን አታውቅም ነበር። ደብዳቤ ብልክ ቀበሌው ይከፍተዋል፤ 'ልጅሽ ውጭ አገር ነው፣ ማን አስወጣው?' ይሏታል። አንዲት እኅታችን አገር ልትገባ ነበርና ፎቶ ላስይዛት አሰብኩ። ግን ሮም የሚመስል ነገር እንዳይኖርበት። መኪና የለ፣ ሕንፃ የለ፣ ዛፍ እንኳ የለ። ፎቶ አንሺው ጓደኛዬ መሬት ላይ ተኝቶ ነው ያነሣው፤ ድንጋዩና ሰማዩ ብቻ እንዲታይ። ጀርባው ላይም ምንም አልጻፍኩም። በሕይወት አለሁ፣ ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ ማለቴ ነበር።"

"ደረሳቸው?"

"ደረሳት። ድንጋዩን ስታይ ግን 'ልጄ አክሱም ነው! ጽዮንን ተጠግቷል!' ብላ እልል አለች አሉ። ለጎረቤት ሁሉ ተናገረች። ቀበሌዎቹም አመኗት። በየዓመቱ ኅዳር ጽዮን በደረሰ ቁጥር 'ዘንድሮ ይመጣል' ትል ነበር። አሜሪካ ከገባሁ በኋላ እውነቱን ላስነግራት አስብና፣ ደስታዋን ምን ብዬ ልንጠቃት? ዛሬ ነገ ስል በ1986 ሞተች። ፎቶውን እኅቴ ከዳዊቷ ውስጥ አግኝታ ላከችልኝ።" የተፋፋቀውን ቦታ አሳዩኝ። "ድንጋዩን እየተሳለመችው ነው እንዲህ የሆነው።"

ያ የገረጣ ቦታ እርጥበት የነካው ይመስለኝ ነበር። አያቴ፣ በመልክ እንኳ የማላውቃቸው ሴት፣ ስድስት ዓመት ሙሉ በከንፈራቸው የሮምን አደባባይ ሲሳለሙ ኖረዋል።

በዚያች ቅጽበት አንድ የቆየ ነገር ትዝ አለኝ። በ2005 ሚያዝያ አውሮፕላኑ አክሱም ሲያርፍ ቤታችን ሰው ሞልቶ ነበር። ቴሌቪዥኑን ከብበው ያጨበጭባሉ፣ እናቴ ቡና ታፈላለች፣ እልልታ ነው። አባቴ ብቻ ተነሥተው ወጡ። ተከትዬ ስወጣ ጋራዡን እየጠረጉ አገኘኋቸው፤ የተጠረገ ጋራዥ። ፖለቲካው አስከፍቷቸው መስሎኝ ተመለስኩ። ለካ ሰውየው ውድድሩን መሸነፋቸው ነበር።

"እሱ ገባ፣ እኔ ቀረሁ" አሉ አባቴ፣ ሐሳቤን ያነበቡ ይመስል። ከ1991 በኋላ ሦስት ጊዜ አገር ቤት ደርሰዋል፤ ደሴ የእናታቸውን መቃብር አሠርተዋል። አክሱም ግን አልሄዱም። እውነቱን ለመናገር እንዲሄዱም አልገፋፋናቸውም። በ2020 አስበን ነበር፤ መጀመሪያ ወረርሽኙ መጣ፣ በዚያው ዓመት መገባደጃ ደግሞ ጦርነቱ ተነሣ፤ አክሱምም በደም ታጠበች። ከዚያ ወዲህ ስሟን ሲጠሩ ሰምቻቸው አላውቅም። "ይህ ፎቶ ሲነሣ ሁለታችንም ውሸት ነበርን" አሉ። "እሱም አክሱም አልነበረም፣ እኔም አክሱም አልነበርኩም። አሁን ግማሹ እውነት ሆኗል። እናቴ ግማሹን ትክክል ነበረች።"

ልጄ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ሁሉንም ሲያዳምጥ እንደነበር ያየሁት ያኔ ነው። አማርኛው ምን ያህሉን እንደተከተለ አላውቅም። ቀስ ብሎ ተነሣና "አባባ፣ እዛ ጋ ቁም" አላቸው፤ አንቱታው ከድሮም አልገባለትም። አባቴ ቆሙ። እጆቻቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ። ልጄ በዚያ በሞቀው ድንጋይ ላይ በጀርባው ተኛ፤ መኪናው፣ ሕንፃውና ዓምዶቹ እንዳይገቡበት ስልኩን ወደ ላይ አቅንቶ አነሣቸው። ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ሽማግሌና ሰማይ ብቻ።

ትንሿ ልጄ ትሬቪ እንደቀረ ሲገባት ከንፈሯን ጣለች። አባቴ እጇን ይዘው ወደ አንዲት ትልቅ አፍንጫ ወሰዷት። "ይህም የሮም ውኃ ነው" አሏት። ጀርባዋን ሰጥታ ሳንቲሟን በትከሻዋ ላይ ወረወረች። ትሬቪ ሳንቲም የጣለ ሰው ወደ ሮም ይመለሳል ይባላል። "አንተስ አትጥልም?" አለቻቸው። "እኔ የምመለስበት ሌላ ነው" አሏት። ወዴት እንደሆነ አልጠየቀችም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ለመመለስ ቴርሚኒ መሄድ እንደማያስፈልግ ያሳዩን እሳቸው ናቸው። ከዚያው ከቺርኮ ማሲሞ በምድር ውስጥ ባቡር አንድ ጣቢያ ተጉዘን፣ ከኦስቲዬንሴ የቺቪታቬኪያውን ባቡር ያዝን። ባቡሩ ሃያ ደቂቃ ዘግይቶ ባለቤቴን ላብ አጠመቀው፤ መሳፈሪያው ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው መርከቡ ላይ ወጣን። ልጄ ስልኩን አየች፤ 17:45 ይላል። "አባባ፣ አሁን የእኛ አሥራ ሁለት ሊሆን ነው?" አለች። "ሊሆን ነው" አሏት።

ማታ፣ የወደቡ መብራት እየራቀ ሲሄድ፣ አባቴ ከልጄ እስክሪብቶ ተዋሱ። ፎቶውን ገልብጠው፣ አርባ አምስት ዓመት ባዶ በነበረው ጀርባው ላይ፣ በዚያ በመምህር ጽሕፈታቸው እንዲህ ብለው ጻፉ። "ሮም፣ 1980። እማማ ይቅር በዪኝ።" ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቀው ወደ ፖስታው መለሱት።

ዛሬ በአባቴ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። ለእንግዳ ማንነታቸው ግልጽ ነው፤ አንዱ ጎረምሳ፣ አንዱ ሽማግሌ፣ አቋቋማቸው አንድ። ብዙዎቹ ግን ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ ግራ ይገባቸዋል። "ይሄኛውን የት ነው የተነሡት? ከኋላዎ ምንም የለም እኮ" ይሏቸዋል።

"ቦታው ያው ነው" ይላሉ አባቴ። "ድንጋዩ አገሩ ገብቶ ነው።"